ስድሳ ሴኮንድ

ከሰኞ ገበያ ወደ ላይ ሲወጣ፣
ጉም ደሴን ሲውጣት፣ ቶሳ ከዓይን ሲታጣ፣
የእህል መጋዘን የነበረ ቤት አለ፤
ግድግዳው እስካሁን ማሽላ ማሽላ ያለ።
አንድ ላፕቶፕ ለስምንት፣ ሁለት ማዳመጫ፣
የ“መ” ቁልፏ ወልቆ፣ ክብሪት ነው መርገጫ።
ሰዓዳ፣ አስተማሪያችን፣ ሬዲዮ ጠጋኝ ነበረች፤
ሬዲዮው ቢያልፍበት ከድምፁ ጋር ቀረች።

“ከየቤታችሁ” አለች “አንድ ድምፅ ይዛችሁ ኑ”፤
ስምንት ስልኮች በየሰፈሩ ተበተኑ።
ይመር የወፍጮ ቀበቶ ሲያፏጭ አመጣ፣
ከድጃ ቦርከናን፣ ከድልድይ ስር ሲወጣ፣
አንሻ ባጃጅ፣ ጠዋት ብርድ ላይ ሲያስል፣
ሦስቴ እምቢ ብሎ በአራተኛው እሺ ሲል።
ሰዓዳ ቆረጠች፣ ደረበች፣ አዘገየች፣
የባጃጁን ሳል ከበሮ አድርጋ አሳየች፤
“አምባሰል ጋራ ነው፣ አምባሰል ደግሞ ቅኝት፤
ዜማ ከመሬት ነው፤ ባጃጅስ ምን አለበት?”

እኔ ምንም።
ባዶ ስልክ።
“ሙሄ፣ እናንተ ቤት ድምፅ የለም?” ስትለኝ፣
አለ፣ ግን ሌሊት ነው፤ ቃል ከየት ይምጣልኝ?

ከዚያ ዓመት ወዲህ (“ያ ዓመት” ነው የምንለው፤
ስም አላወጣንለትም፣ ሁሉም የየራሱ አለው)
በር በነፋስ ሲላተም እኔ ወለል ላይ ነኝ፣
ጉልበቴን አቅፌ፤ መቼ እንደወረድኩ ማን ይንገረኝ።
ቀን ክፍል ውስጥ አንቀላፋለሁ።
“ሰነፍ” ይሉኛል። እሺ እላለሁ።

ያን ዓርብ ሰዓዳ “ዛሬ ዝምታ እንቅዳ” አለች።
ሳቅን። እሷ ግን አልሳቀች።
“የክፍሉን። ባዶውን። ስድሳ ሴኮንድ ሙሉ።
ባዶ ቤት ባዶ አይደለም፣ እስቲ ዝም ቢሉ።
ድምፅ ቆርጦ ለሚቀጥል፣ ስፌቱ እንዳይታይ፣
ይሄ ነው የሚነጠፈው ከቁርጥራጩ ላይ።”

ቀይዋ መብራት በራች። አስር ሴኮንድ። ሃያ።
የጣራ ጠብታ። የሎንቺና ጡሩምባ። ከዚያ
ነፋስ በሩን ይዞ ከግንቡ አላተመው፦
ጓ!
መስመሩ ቀላ።
እኔ ጠረጴዛው ስር ነኝ።

ማንም አልሳቀ፣ ማንም አልተናገረ፣
ሰዓዳም አላጠፋች፤ ሰዓቱ ቆጠረ።
አንሻ መጣች፣ ካሜራዋን አንገቷ ላይ እንዳሰረች፤
“ተንፍስ” አላለችም። አጠገቤ ቁጭ ብላ፣ ቀስ ብላ፣ ተነፈሰች።
ብርሃን ሲያንስ መዝጊያው ቀስ ብሎ እንደሚዘጋ፣
እጅ እንዳይንቀጠቀጥ ክርን ከጉልበት እንደሚጠጋ፣
ሳንባን ባዶ አድርጎ ነው ቁልፉን መጫን፣ ብላኝ ነበር፣
በጉም ቀን፣ አንድ አህያ ልናነሳ ስንሞክር።
እንደዚያ ተነፈሰች፣ ፎቶ እንደሚያነሳ ሰው፤
እኔም አብሬ፤ ልቤን ያ እስትንፋስ መለሰው።

ስድሳው አለቀ። “እንየው” አለች ሰዓዳ።
ስክሪኑ ላይ ሞገዱ፦ ሜዳ፣
ሜዳ፣ ሜዳ፣ ከዚያ አንድ ሹል ተራራ፣
ጫፉ ቀይ፤ ከወዲያው ትንንሽ ኮረብታ፣ ተራ በተራ፣
ሁለት ሁለት ሆነው፣ አንዱ የእኔ፣ አንዱ የእሷ፣
አንዱ ሲወድቅ አንዱ ሲነሳ።

“ቀዩን ላውጣው?” ጣቷ ክብሪቱን እንደያዘ።
አየሁት። አንዲት ሴኮንድ ናት። ከስድሳው አንዷ።
ለእኔ ሌሊት ሙሉ የማያልቅ ነበር መንገዷ።
“ተይው” አልኳት። “በሩም የክፍሉ ነው።”

ማታ በስልኬ፣ ከብርድ ልብስ ስር ደገምኩት፤
በሩ ሲደርስ ጥርሴን ነክሼ ጠበቅኩት።
መጣ። አለፈ። ኮረብታዎቹ ተከተሉ፤
ሃምሳ ስምንተኛው ላይ የይመር ሆድ፣ አንጀቱ በሙሉ፣
ምሳ ሳይበላ መጥቶ ኖሯል፣ ሲያጉረመርም፣
ሳቄን መያዝ አልቻልኩም።
እህቴ ነቃች፦ “ምን ያስቅሃል በሌሊት፣ ሙሄ?”
አንዱን ማዳመጫ ጆሮዋ ላይ ሰካሁላት።
“ስሚ። ዝምታ ነው ይሄ።”